ደብዳቤህ በአራት ሰዓት ይደርሳል

ጥቅምት 9 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ለብሎን፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይግባ፤ የእማዬ ምርቃት ግን ከእኔ ሰላምታ ይቅደም። «ከክፉ ጎረቤት፣ ከክፉ ባልደረባ፣ ከሚያዳልጥ ደረጃ ይሰውርህ» ብላሃለች። ደረጃውን የጨመረችው በቅርቡ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኘዋለህ።

እኛ ደህና ነን። ሱቁም ደህና ነው። የትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም ገና አላለቀልኝም፣ ኮሌታ በሕልሜ እየመጣብኝ ነው። ጣሪያው ማፍሰሱን ትቷል። ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ዋናውን ነገር ላለመጀመር መሆኑ መቼም ገብቶሃል።

እማዬ ዓይኗን ታማለች። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ካቃታት ከርሟል፤ ለእኔ ሳትነግረኝ ለደንበኛው ሁሉ «እስቲ ይቺን አስገባልኝ» እያለች ኖራለች። ባለፈው ሳምንት የጓዳውን ደረጃ ስታ ወደቀች። ተመስገን ነው፣ ከክርኗ በቀር የተጎዳ የለም። ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። የዓይን ግፊት ነው አለ። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውንም ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። ዳር ዳሩ ጨልሞባታል፣ የምታየው መሐሉን ብቻ ነው። «በሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ አጮልቄ የማይ ይመስለኛል» አለችው። «ቀዳዳው እየጠበበ ይሄዳል» አላት፤ ደፋር ሰው ነው። «እስከ መቼ?» ብትለው «ዓመቱን ሙሉ ያቆይሻል ብዬ አልዋሽሽም» አለ።

ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ ያለችኝን ልንገርህ? «ልጄን ልየውና ከዚያ እንደፈለገ ይዘጋ» አለች።

ከሄድክ አሥራ አንድ ዓመት ሆነህ። ስትሄድ ጢም እንኳ አልነበረህም። ይህን ደብዳቤ የጎረቤታችን ልጅ፣ የበረራ አስተናጋጇ፣ በእጅ ቦርሳዋ ይዛልህ ትመጣለች፤ ጠዋት ከዚህ ተነስታ ለምሳ እዚያ ናት። አራት ሰዓት ነው የምንበረው አለችኝ። አራት ሰዓት! እኔ ለአንድ ሱሪ ዚፕ ፍለጋ ገበያ ወርጄ ስመለስ ከዚያ በላይ ይፈጅብኛል። አንተ ደግሞ የአውሮፕላን መካኒክ ነህ፤ ሰው መናኸሪያ እንደሚውል አንተ አውሮፕላን ሥር ትውላለህ። እና መቼ ትመጣለህ? ቀኑን ብቻ ጻፍልኝ።

እህትህ


ኅዳር 17 ቀን

ለውድ እህት ዓለም፣

እንዴት ከርማችኋል? ፈጣሪ የእማዬን ዓይን በምሕረቱ ይዳስስልን፣ ለአንቺም ጉልበት ይጨምርልሽ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በዚያው ቀን ነው። መልሱን ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ሁለት ትልልቅ አውሮፕላኖች ለሙሉ ምርመራ ገብተው ሆዳቸውን ከፍተን ነው የከረምነው። የእማዬን ነገር ሳነብ ግን የያዝኩት መፍቻ ከእጄ ወደቀ።

ስለ መንገዱ ላስረዳሽ። አስተናጋጇ አራት ሰዓት ያለችሽ በሩ ከተዘጋበት እስከሚከፈትበት ያለውን ነው። ከዚያ በፊት ከቤቴ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ አለ፣ ፍተሻ አለ፣ ሰልፍ አለ፣ ተቀምጦ መጠበቅ አለ። ወደ እናንተ ሲመጣ ደግሞ ነፋሱ ከፊት ነው፤ ከፊት የሚመጣ ነፋስ አውሮፕላን ያዘገያል። ካርታ ላይ ስታይው ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ሰማይ ላይ ግን ደመና አለ፣ ይዞራል፤ መውረጃው ካልተለቀቀ ደግሞ ከተማው ላይ እየዞሩ መጠበቅ አለ። አራት ሰዓት የሚባለው በአፍ ነው። ሙሉ ቀን በይው።

ፈቃዱም ቀላል አይደለም። አለቃችን ብረት ነው፤ በዚህ ወቅት ለማንም አይሰጥም። ወሩ ይለፍና እጠይቀዋለሁ።

እስከዚያው ፎቶዬን ልኬላችኋለሁ። ትልቅ አድርጌ ነው ያሳጠብኩት፣ እማዬ እንድታየው። ጢሙ አያስደንግጣችሁ፣ እዚህ ብርድ ነው።

ወንድምሽ


ኅዳር 20 ቀን

ለወንድሜ፣

ሰላምታውን እንደተባለ ቁጠረው፤ ዛሬ ምርቃት ለማስረዘም ትዕግሥቱ የለኝም።

እማዬ ፎቶህን ይዛ መስኮቱ ዘንድ ሄደች። አፍንጫዋ ላይ አስጠግታ፣ ጨርቅ ስትመረምር እንደምታደርገው፣ ከላይ እስከ ታች ሄደችበት። ከዚያ «ይሄ ማን ነው?» አለች። የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ። «ወረቀቱ ያብረቀርቃል፣ ዓይኔን ይወጋኛል። ደግሞ ወረቀት ዞር በል ቢሉት አይዞር» አለችኝ። ትራሷ ሥር አድርጋዋለች።

ስለ ነፋሱ የጻፍከውንም አነበብኩላት። «ነፋሱ ከፊት ከሆነ ይቺ አስተናጋጅ በየሳምንቱ እንዴት ትደርሳለች?» አለች። አንተ መልስ ካለህ ላክልኝ።

ደብዳቤህ በአራት ሰዓት ይደርሳል፣ ወንድሜ። ከወር በላይ የፈጀው መልስህ ነው፤ እሱም መንገድ ላይ አልዘገየም፣ እጅህ ላይ ነው የዘገየው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አትበለኝ። የሆነ ነገር አለ።

ሐኪሙ ዘንድ ተመልሰን ነበር። ቀዳዳው ጠቧል፣ የግራው በተለይ። አሁን ፊቴን ለማየት ስትፈልግ ጭንቅላቷን እንደ ዶሮ ዘመም ታደርጋለች። በፊት ያስቀኝ ነበር፣ አሁን አያስቀኝም።

የአለቃህን ነገር አታስብ። ጽፌለታለሁ። አዎ፣ ለአለቃህ። እናቱ ዓይኗ ሳይጠፋ ልጇን ማየት ትፈልጋለችና ስለ ወላጅዎ ብለው ፈቃድ ይስጡት አልኩት፤ አስተናጋጇ በእጁ ትሰጠዋለች። የአንገቱን ልክ ከላከልኝ ሸሚዝ እሰፋለታለሁም ብያለሁ። ብረትም ቢሆን ሸሚዝ ይለብሳል መቼም።

እህትህ


ኅዳር 24 ቀን

እህቴ፣

ምን አደረግሽ?

አውሮፕላን የምንጠግንበት ሃንጋር ሙሉ ሰው ባለበት አለቃዬ ከሩቅ ጠርቶ «እህትህ ጻፈችልኝ» አለኝ። እዚህ ቤት ስምንት ዓመት አንገቴን ደፍቼ ሠርቻለሁ፤ ማንም ስለ ቤቴ ጠይቆኝ አያውቅም፣ እኔም ለማንም አውርቼ አላውቅም። አሁን ረጅሙ የምንለው ጓደኛዬ ሳይቀር «የእኔንም አንገት ለክተህ ላክላት» እያለ መሳቂያ አድርጎኛል። እኔ ትልቅ ሰው ነኝ። አፍንጫዬን የምትጠርጊልኝ ልጅ አይደለሁም።

ከእንግዲህ በእኔና በአለቃዬ መካከል አትግቢ። እመጣለሁ አልኩ፣ እመጣለሁ። ጠብታውን በሰዓቱ አድርጊላት። እማዬን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 28 ቀን

ለአንተ፣

ብሎን ብዬ አልጠራህም። ብሎን የያዘውን አይለቅም።

አለቃህ መለሰልኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ በቃሉ ነው ለአስተናጋጇ የነገራት። «እናታቸውን እግዜር ይማርልኝ፤ ሸሚዙ ይቅርብኝ። ልጁ ግን አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቆኝ አያውቅም። ያልወሰደው ፈቃድ ተጠራቅሞ ጽሕፈት ቤቱን አስቸግሯል። የእኛ ሠራተኛ በየዓመቱ አንድ ጊዜ በነፃ ይበራል፣ እሱ አንዴም አልተጠቀመበትም። ወደ አገሩ የሚሄደው አውሮፕላን በሳምንት ሦስት ቀን ከእጁ ሥር ነው የሚወጣው» አለ።

ይህን ስትነግረኝ መቀስ ይዤ ነበር። የሰው እጅጌ አሳጥሬ ቆረጥኩ።

እንግዲህ ምንድን ነው? አግብተህ ደብቀኸናል? ታስረሃል እንዳልል በየቀኑ ሥራ ትውላለህ። በእኛ ታፍራለህ? የጨርቅ ብናኝ የሚበንበት ቤት ማደግህ ነው የሚያሳፍርህ? ንገረኝ፣ እኔ እችለዋለሁ፤ ስድብህንም ቢሆን እችለዋለሁ። ያልቻልኩት ሌላ ነው። ትናንት ልብስ ሳጣጥፍ እማዬ «ምን በድዬው ይሆን?» አለችኝ። ልክ ውኃ ስጪኝ እንደምትለው አድርጋ ነው ያለችው። ጨርቁን ጥዬ ወጣሁ፤ ጎረቤት ሄጄ ነው ያለቀስኩት።

ስለዚህ ወስነናል። አንተ ካልመጣህ እሷ ትመጣለች። ቲኬቷ ተቆርጧል፤ ጥር 20 ቀን፣ አስተናጋጇ በምትሠራበት በረራ። አውሮፕላኑን አንተው ነህ የምታየው፤ ደህና አድርገህ አጥብቀው፣ ከዚያም መውጫው ላይ ቆመህ ተቀበላት።

እህትህ


ጥር 3 ቀን

እህት ዓለም፣

አፈር ስሆንልሽ፣ በጠባነው ጡት ይዤሻለሁ፤ እማዬን አውሮፕላን ላይ እንዳታሳፍሪያት።

ሚስት የለኝም። በእናንተም አላፍርም፤ ይህን እንዴት አሰብሽው? የማፍረው በራሴ ነው። አውሮፕላን መሳፈር እፈራለሁ።

ሳቂ፣ ግድ የለም። ሰው ቢነግረኝ እኔም እስቃለሁ።

እዚህ ሥራ ቤት አንድ ደንብ አለ። የትም አልተጻፈም፣ ከተጻፈው ግን ይበልጥ ይከበራል። «የፈረመ ይሳፈራል» ይላሉ። አንድ አውሮፕላን ትልቅ ጥገና አልፎ ሲወጣ፣ መንገደኛ ሳይጫንበት ለሙከራ ይበራል፤ ደህና ነው ብሎ የፈረመው መካኒክም አብሮ ይቀመጣል። ያጠበቅከውን ብሎን ራስህ ቁጭ በልበት ነው ነገሩ። በተቀጠርኩ ዓመት ፈርሜ ተሳፈርኩ። በሩ ሲዘጋ ትንፋሼ አጠረኝ። ሞተሩ ሲነሳ እያንዳንዷን ድምፅ አውቃታለሁ፤ ማወቄ ነው የጨረሰኝ። እኔ ያጠበቅሁትንስ አውቀዋለሁ፤ ሌላው ሰው ያጠበቀውን ግን አላየሁም። «ክፈቱልኝ!» ብዬ ጮህኩ። ፓይለቱ አቁሞ አወረደኝ፤ በሰው ትከሻ ነው የወረድኩት። ከዚያ ወዲህ ፈራሚው እኔ፣ ተሳፋሪው ረጅሙ። አለቃዬ ያውቃል፤ እጄን ስለሚወደው ችሎኝ ነው። ለአንቺ ያልነገረሽም ገመናዬን ሊሸፍን ብሎ ይመስለኛል።

የእማዬን ስፌት መኪና የፈታሁት ጊዜ ትዝ ይልሻል? ገጥሜ ስጨርስ አንድ ብሎን ተረፈኝ፤ ስሜም ከዚያ መጣ። እናንተ ሳቃችሁ፣ መኪናውም ሠራ። እኔ ግን እስከ ዛሬ አንድ ነገር ነው የምጠይቀው፤ ከየት ነው የተረፈው?

ወደዚህ የመጣሁት በጭነት መኪናና በመርከብ ነው። እናንተ ገንዘብ አጥሮት ነው አላችሁ፤ እኔም ዝም አይነቅዝም ብዬ ተውኩት።

አራት ሰዓት ትይኛለሽ። አንቺ አራት ሰዓት ስትይ አንድ ቀሚስ ሰፍቶ መጨረስ ነው የሚታይሽ። እኔ ደግሞ ወደ እናንተ የሚሄደው አውሮፕላን ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ «ደረሰ» እስኪሉኝ ምሳ አልበላም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ያውም የማላውቀው ሰው ተሳፍሮበት። እማዬ ካለችበትማ በቁሜ ነው የምሞተው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የተባለው ለእኔ ነው። ቲኬቱን መልሺው። እኔ በመኪናም በመርከብም ብዬ እመጣለሁ፤ ድንበሩ ተዘግቷል ይላሉ፣ ሰው የሚያሻግሩም አሉ ይላሉ፣ እሞክራለሁ። እስከዚያ ዓይኗን እንዴት አድርገሽ ታቆዪልኛለሽ?

ወንድምሽ


ጥር 11 ቀን

ወንድም ዓለም፣

በመጀመሪያ ይቅር በለኝ። ቲኬት የለም። አልቆረጥኩም። ላስፈራራህ ብዬ ነው የጻፍኩት፤ እንዲህ የምትፈራ ሰው መሆንህን ባውቅ እጄን በቆረጠው። እማዬም ስለ ቲኬቱ አልሰማችም ነበር።

ደብዳቤህን እየዘለልኩ ልነግራት ሞክሬ ነበር። ፊቴን ማየት ቢያቅታት ድምፄን ታነባለች። «የዘለልሽውን ተመለሺ» አለችኝ። አነበብኩላት። እኔ ሳቅሁ፣ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ፤ እሷ ሁለቱንም አላደረገችም። «ልጄን የበደልኩት መስሎኝ ነበር። ፍርሃት ከሆነማ ተመስገን» አለች።

የግራ ዓይኗ ማክሰኞ ጠፋ። ተነስታ «መብራት ሄደ እንዴ?» አለች፤ ፀሐዩ ግድግዳው ላይ ነበር። በቀኙ የቀረችው ጭላንጭል ናት። ሐኪሙ አሁን ቀን አይናገርም። ጠብታውን ጻፈልንና በሩ ድረስ ሸኘን፤ ድሮ አይሸኝም ነበር።

ቃሏን እንዳለ ጻፊ ብላኛለች፤ ይኸው።

«ልጄ፣ አትምጣ። ተጨንቀህ ከማይህ ሳላይህ ደህና ሁንልኝ። መልክህ አልጠፋብኝም፤ ጢሙን እኔው እጨምርበታለሁ። በድንበርም አትምጣ፣ እሱ የባሰ ነው። ስፌት መኪናው አንድ ብሎን ጎድሎት እስከ ዛሬ ይሰፋል፤ እህትህ በእሱ ነው የምትኖረው። ከየት እንደተረፈ ጠይቄ አላውቅም። አንተም አትጠይቅ።»

እኔ የምጨምረው የለኝም። በዕድሜዬ የምለው ሲጠፋኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

እህትህ


ጥር 20 ቀን፣ አየር ላይ

እህት ዓለም፣

ጽሕፈቴ ከተንቀጠቀጠብሽ አውሮፕላኑ አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ አስተናጋጇ አታመጣልሽም። እሷ አጠገቤ ቆማ «ጠጣ» እያለች ውኃ ትግተኛለች። ቀኑን አየሽው? እማዬን እቀበልበታለሁ ብዬ የተንቀጠቀጥኩበት ቀን ነው።

«አትምጣ» የሚለውን ካነበብኩ በኋላ መቀመጫ አጣሁ። «ና» ስትሉኝ ምክንያት አላጣሁም ነበር። «አትምጣ» ለሚል ግን ምን ምክንያት ይቀርብለታል? እናቴ ለእኔ ስትል ማየቷን ተወችው! ይህን ተሸክሞ ማን ሰው ይኖራል? አለቃዬ ዘንድ ሄጄ «ይህን አውሮፕላን ፈርሜ እኔው እሳፈራለሁ» አልኩት። መነጽሩን አወለቀና አየኝ። ረጅሙ ሰማና መፍቻውን ጥሎ እየሮጠ መጣ። ለሙከራ ስንወጣ አጠገቤ ተቀምጦ እጄን ያዘኝ፤ ሁለት ጢማም ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘን ተነሳን። ጮህኩ። «ክፈቱልኝ» ግን አላልኩም። አለቃዬ «ይኸው አውሮፕላን ነገ ወደ እናትህ ይሄዳል። ከነገ ካሳለፍከው አትሄድም» አለኝ። እውነቱን ነው።

አሁን ግማሹን መንገድ ሳንጨርስ አልቀረንም። በመስኮቱ ክንፉ ይታየኛል። የዚህን በኩል ክዳኖች እኔ ነኝ የዘጋሁት። የዚያኛውን የዘጋው ሌላ ሰው ነው፤ ጥንቁቅ ሰው ነው፣ ጥንቁቅ ሰው ነው፣ ጥንቁቅ ሰው ነው እያልኩ እደግመዋለሁ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ጸሎት የማደርስ መስሏት አሜን አለችልኝ።

ነፋሱ የእውነት ከፊት ሆነ። ፓይለቱ አሥር ደቂቃ እንዘገያለን አለ። አንቺን ሙሉ ቀን በይው ብዬሽ ነበር፣ ጠቅላላ ውሸቴ አሥር ደቂቃ ኖሯል። አሁን ግን ያቺ አሥር ደቂቃ ከሁሉ በልጣ አስፈራችኝ። የቀኝ ዓይኗ ትጠብቀኝ ይሆን?

ወረድ ማለት ጀመርን መሰለኝ፣ ጆሮዬ ተደፈነ። ልጨርስ። በእጄ እሰጥሻለሁ።

ወንድምሽ


የካቲት 4 ቀን

ወንድሜ ብሎን፣

ይህን ደብዳቤ አውሮፕላን ማረፊያው ሰልፍ ላይ ሳለህ ጽፌ ኮትህ ኪስ ውስጥ የሸጎጥኩት ደመናው ላይ ሆነህ እንድታነበው ነው፤ እጅህም ሥራ ያግኝ። ምርቃቱን ከራሷ አፍ ሰምተሃል። ደረጃውን አውጥታ አውሮፕላኑን አስገብታልሃለች።

የመጣህ ቀን ሁላችንም እዚያው ነበርን፣ አንተ ግን አላየኸውም። ስለዚህ ልንገርህ።

በሩን ስከፍት ደብዳቤ ዘርግተህ ቆመሃል፣ እንደ ፖስተኛ። እማዬ ስፌት መኪናው ዘንድ ነበረች። «ማነው እሱ፣ በሩን የሚያንቀጠቅጠው?» አለች። ሄደህ ተንበረከክህ። ፊትህን በሁለት እጇ ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችህ። ቀዳዳዋ ጠባብ ናትና ባንዴ አልያዘችህም፤ በየቁራጩ ነው ያየችህ። ግንባርህን አየች። ቅንድብህ ላይ ያለውን ጠባሳ አየች። አፍንጫህ ላይ ስትደርስ «የአባቱ፣ ምን ይደረግ» አለች። ጢሙን «ይሄ አያምርበትም» አለች። እኔ ከጀርባዋ ቆሜያለሁ፤ አሁን ተዘጋባት፣ አሁን ተዘጋባት እያልኩ። ከዚያ ዓይንህ ላይ ደረሰች። አንተ ሆዬ ጨፍነህ ታለቅሳለህ!

«ክፈተው» አለች። አልሰማህም። «ክፈተው እንጂ፣ አንተ ልጅ! እኔ የምፈልገው እኮ እሱን ነው!» ብላ ጉንጭህን መታችህ። ያኔ ከፈትከው። እንባው ሞልቶት ስለነበር አንተ ፊቷን አላየህም። እኔ አይቻለሁ። አየችህ፣ ወንድሜ። በደንብ አየችህ። «ያው ነው» አለች፣ ሁለት ጊዜ። ልጅ ሆኜ የማውቀው ፊቷ ነው ያን ጊዜ የመጣው፤ ከእኔም ከራሴ ከጠፋ ዘመን ሆኖታል።

አሁን ደግሞ እንዳልነግርህ ያስማለችኝን ልንገርህ። ምስጢር እንደማልችል ታውቃለህ፤ አንተም አየር ላይ ነህ፣ ወርደህ አትመለስም። የቀኙ ከትናንት ወዲያ ጠዋት ተዘጋ። «ለመንገዱ የሚበቃው ፍርሃት አለው፣ ሌላ አትጨምሪበት» አለችኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ወደ ድምፅህ እየዞረች ፈገግ ስትል የነበረው ለዚያ ነው። ዛሬ በር ላይ «ሸሚዝህ አምሮብሃል» ያለችህ ኮሌታውን በጣቷ ዳስሳ ነው፤ የሰፋሁትን ታውቀዋለች።

አልቅስ፣ ግን ብዙ አይደለም፤ አጠገብህ ያለው ሰው ይደነግጣል። የዚህን ዓመት ነፃ ቲኬትህን ጨርሰሃል፣ የሚመጣው ዓመት ግን ሩቅ አይደለም። አቅፋህ ሳለች «ስትመለስ ተላጭተህ ና» ስትልህ ሳቅህባት፤ መልክህን የነቀፈች መሰለህ። አይደለም። ከእንግዲህ የምታይህ በእጇ ነው፣ ጢምህ ደግሞ ይወጋል።

እህትህ